በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለችው ድምፅ

ኩየን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ምላለች። ያስማላት ደግሞ የገዛ አባቷ ነው። እልኸኛ ሽማግሌ ነበር እንዳልል፣ ያኔ ገና ሽማግሌ አልሆነም፤ እልኸኛ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጋሽ ታም በሳ ዴክ ከተማ፣ ቦዩ ዳር ባለችው ሰፈራችን፣ ኪም በመምታት የታወቀ ሰው ነው። ኪም ሆዱ እንደ ድስት ክዳን ክብ፣ አንገቱ ረጅም፣ ሁለት ጅማት ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ሁለት ብቻ ነው ብሎ የናቀው ግን ወዮለት። ልጁን በሰባት ዓመቷ አጠገቡ አስቀምጦ የዜማውን አጥንት አስተማራት። እኛ ዘንድ መምህር የሚሰጠው አጥንቱን ብቻ ነው፤ ቅጠሉንና አበባውን ተማሪው በዕድሜው ራሱ ያበቅለዋል። ኩየን ግን አበባው ሳይበቅል ሳይጎን ወርዳ ፒያኖ ሰማች። ሰምታም አልቀረች፤ ተመልሳ መጥታ ከእንግዲህ የምማረው ፒያኖ ነው አለች።

አባትየው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። እጇን ይዞ ዘፋኝና ተጫዋች ሁሉ ዕጣን ከሚያጨስለት ከሙያው አባት መሠዊያ ፊት አቆማትና፣ ግማሹ ለዚህ ግማሹ ለዚያ የሚሆን እጅ እንደሌለ ነገራት። ከዚያም ከእንግዲህ የኪም ጅማት ብትነካ እጇ እንዲደርቅ አስማላት። እሷም የእልኸኛ ልጅ ናትና ሳታቅማማ ማለች።

የሙያው አባት ማን እንደነበር እርግጡን የሚነግራችሁ የለም፤ ቁጣውን ግን የማያውቅ የለም። መድረክ ላይ ድምፁ የተዘጋበት ዘፋኝ፣ ጣቱ የተቆለመመበት ተጫዋች ቢኖር ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግም፤ የሙያው አባት መታው ይላል። ስለዚህ በእርሱ ፊት የተማለ መሐላ እንደ ጎረቤት መሐላ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው።

ኩየን ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ እናቷ ሞታ ሽማግሌውን የሚያይ ሰው ስላልነበረ ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ አሮጌ ፒያኖ አቆመች። ውሃ ሲሞላ እንዳይደርስበት አራት ጡብ ላይ አስቀመጠችው፤ እርጥበቱ እንዳይበላውም ሆዱ ውስጥ ትንሽ አምፖል ቀንና ሌሊት ታበራበታለች። የሰፈሩን ልጆች ታስተምራለች። ልጆቹ ሲመጡ ጋሽ ታም ኪሙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከጓሮ፣ ከዳክዬዎቹ ዘንድ ይሄዳል። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ስለ ዓሣ ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ቦታ ያወራሉ። ስለ ዜማ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

በስድስተኛው የጨረቃ ወር ጋሽ ታም ዳክዬ ሲመግብ ወደቀ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሞቱ፤ ምላሱም ታሰረ። ሆስፒታሉ ሁለት ሳምንት አቆይቶ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የቤት አስታማሚ ሥራ ነው ብሎ መለሰው። ኩየን የሩዝ አጥሚት እያቀጠነች ብታቀርብ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ አፉን ይገጥማል። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ግራ እጁ ብቻ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ጣቶቹ የምንጣፉን ጠርዝ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋሉ። ኩየን የበሽታ መንቀጥቀጥ መስሏት በብርድ ልብስ ትሸፍንለታለች።

ይህ ሁሉ ሳያንስ የስምንተኛው ወር አሥራ ሁለተኛ ቀን እየቀረበ መጣ። የሙያው አባት ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ተጫዋቾች የሚሰበሰቡት ጋሽ ታም ቤት ነው፤ የሚከፍተውም እርሱ ነው፣ በራዎ። ራዎ ከዋናው ዜማ በፊት የሚመጣ ምት የሌለው መግቢያ ነው። ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቤቶች ብሎ እንደሚጣራው፣ ተጫዋችም መጀመሪያ በራዎው ይጣራል፤ የቅኝቱንም ስሜት ያሳውቃል። ጋሽ ታም ዋን በሚባለው የኀዘን ቅኝት የሚመታው ራዎ ከማንም የተለየ ነው። ማንም አልቀዳውም። ቴፕ ይዘው የመጡትን ሁሉ፣ ሬሳ ነው ወይ የምታደርቁት ብሎ አባሯቸዋል። አጥንቱን ከእርሱ የተማሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱን ወንዙ በላው፣ አንዱን ሳንባው ገደለው፣ ሦስተኛዋ ኩየን ናት።

ይህን ፊት ለፊት የነገረቻት እማማ ቦንግ ናት፤ የቡድኑ ዘፋኝ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሆናት፣ ምላሷ ከምላጭ የሚሰላ ሴትዮ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረዋል አለቻት፤ ራዎውን የሚመታ ካልተገኘ ዘንድሮ ሌላ ቤት ነው የምንሰበሰበው፣ ያባትሽም ነገር ከአባትሽ ጋር ይቀበራል።

ኩየን ያን ዕለት ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። አባቷን ትወደዋለች። ሃያ ሰባት ዓመት ይህን ሳትነግረው ቆይታ፣ አሁን ልንገርህ ብትል ፊቱን ከግድግዳው አይመልስም። ራዎውን ይዤ ካስቀረሁለት ያውቀዋል፣ አለዚያ ሳያውቅ ይሞታል አለች በልቧ። ከዚያ በቀር ሌላ የቀራት ቋንቋ አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረገችው የሙያው አባት ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሁለት የጥንት ሳንቲሞች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ኖራ ተቀብቷል። ጠያቂ ዘንግ ዕጣን አብርቶ፣ ጉዳዩን ተናግሮ፣ ሳንቲሞቹን ሳህን ላይ ይጥላል። አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ከወጣ ተፈቅዷል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አልተፈቀደም። ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ኩየን ተንበርክካ፣ መሐላዬን አንሣልኝና ኪሙን ልንካ አለች። ሁለቱም ነጭ። ደግማ ጣለች፤ ሁለቱም ጥቁር። ሦስተኛ ጣለች፤ አሁንም ሁለቱም ነጭ። ሦስቴ እምቢ የተባለን ነገር ያን ዓመት ደግሞ መጠየቅ ድፍረት ነው፤ እኛ ሰፈር ያደረገው ሰው አልሰማሁም። ሳንቲሞቹን ጠራርጋ ወደ ቦታቸው መለሰች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ኩየን ፒያኖዋን ከፈተች፤ እርሱን አትንኪ ያላት የለምና።

የዋን ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ ሆ፣ ሱ፣ ሳንግ፣ ሴ፣ ኮንግ። ሆን አገኘችው፣ ነጭ ቁልፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ሱም ተገኘ። ሴም፣ ኮንግም እንደ ጨዋ ልጅ ስማቸው ሲጠራ አቤት አሉ። ሳንግ ግን የለም። አንዱን ነጭ ቁልፍ ብትነካ ያንሳል፤ ከአጠገቡ ያለውን ጥቁር ብትነካ ይበዛል። ሳንግ በሁለቱ መካከል ነው፤ መካከል ደግሞ እንጨት ብቻ ነው ያለው። ኪም ላይ ቢሆን ጣት ጅማቱን ጫን ሲለው ድምፁ ከታች ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ደርሶም አይቆምም፣ ያቅተውና ይመለሳል። ፒያኖ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። እዚህ ነኝ ካለ እዚያው ነው።

አባቷ በተኛበት መታችለት። ሆ ላይ ጆሮው ቆመ፤ አየችው፣ ቅንድቡ ንቅንቅ አለ። ሱ ላይም አዳመጠ። ሳንግ ላይ ስትደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ገና ሳንግ ሳይመጣ፣ እንደሚመጣ ስላወቀ ቀድሞ ዞረ።

ያልሞከረችው የለም። ሁለቱን ቁልፎች አብራ መታች፤ ጅራቱን የረገጡት ውሻ ድምፅ ወጣ። ከነጩ ወደ ጥቁሩ በፍጥነት ሸርተት አለች፤ ደረጃ ላይ የተደናቀፈ ሰው ሆነ። ተማሪዎቿን ወደ ቤታቸው ልካ ሽቦዎቹን ራሷ ቃኘቻቸው፣ ነጩን ቁልፍ በትክክል መሀል ላይ አስቀመጠችው። አሁን ቦታው ልክ ነው፤ ሳንግ ግን አሁንም አይደለም። አሥሬ፣ መቶ ጊዜ፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ መታችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እማማ ቦንግ ሙዝ ልታደርስ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ልጄ፣ ሳንግሽ ጤነኛ ነው» አለቻት። «ሳንግ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። ታሞ ነው የሚኖረው።»

ኩየን ሙዙን ተቀብላ በሩን ዘጋችባት። ነውር ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ነውር የምታስብበት ልብ አልነበራትም። ሽማግሌው እየከሳ ነው። ትናንት ሁለት የነበረው ማንኪያ ዛሬ አንድ ሆኗል። ለሙያው አባት ቀን ሦስት ቀን ነው የቀረው።

መላው የመጣላት የቃኘችውን ሽቦ ወደ ቦታው ልትመልስ ስትል ነው። የመቃኛውን መፍቻ ሽቦው የተጠመጠመበት ችንካር ላይ አጥልቃ፣ በቀኝ እጇ ነጩን መታች፤ ድምፁ ገና ሳይጠፋ በግራዋ መቃኛውን ሳብ አደረገችው። ድምፁ ተነሣና እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ለቀቅ ስታደርገው ወረደ። አንዱ ቁልፍ ሦስት ሽቦ ስላለው ሁለቱን በጨርቅ አፍና አንዱን ብቻ አስቀረች። ደግማ መታች፣ ሳበች። አልተሟላም፣ ሸካራ ነው፣ የብረት ነው፤ ግን ይሄዳል።

ከአልጋው በኩል አንድ ድምፅ ሰማች። አባቷ ፊቱን መልሶ እያያት ነበር። ግራ እጁን አንሥቶ በጣቶቹ አየሩን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረገ፤ ከዚያም ወደ ግድግዳው፣ ኪሙ ወደተሰቀለበት አመለከተ። ኩየን፣ ይኼን ተይና ያን ተመልከቺ፣ የኔ እንዲህ አልነበረም የሚላት መሰላት። እጁን መልሳ ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባችና ወደ ፒያኖዋ ተመለሰች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ሽማግሌዎቹ እስቲ ይታይ ብለው ነው እንጂ አምነው አልመጡም። የተቀቀለ ዳክዬ፣ ፍራፍሬ፣ የሩዝ አረቄ መሠዊያው ላይ ተደረደረ፤ ዕጣኑ ተለኮሰ። ጋሽ ታምን ትራስ አስደግፈው ከፒያኖው አጠገብ አስቀመጡት። አንደኛው ሽማግሌ የተከፈተውን የፒያኖ ሆድ፣ በውስጡ የምትበራውን አምፖልና የተሰካውን መቃኛ አይቶ፣ ልንጸልይ ነው የመጣነው ወይስ መኪና ልናስጠግን ብሎ አጉተመተመ። እማማ ቦንግ በክርኗ ጎሰመችው።

ኩየን ቆማ ጀመረች። ሆ። ሱ። ከዚያ ነጩን መታች፣ መቃኛውን ሳብ አደረገች። ሳንግ ወጣ። እማማ ቦንግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኩየን አየቻትና ልቧ ሞላ፤ ቀጠለች፣ ሴ ደረሰች፣ ተመለሰች። ሁለተኛው ሳንግ ከፊተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ላይ አብዝታ ሳበች። ያረጀው ሽቦ ጧ ብሎ ተበጠሰና የግራ እጇን ጀርባ ሸረከተው።

ደሟ ነጮቹ ቁልፎች ላይ ሲንጠባጠብ ኩየን አየችው።

«አልቻልኩም አባዬ» አለች። «ይቅር በለኝ። ስወድህ ነው የኖርኩት፣ ግን አልቻልኩም።»

ሽማግሌው «እ» አለ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ጠንካራ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። ግራ እጁን ዘርግቶ ወደ ኪሙ አመለከተ፤ ቀጥሎ ወደ ራሱ ጣቶች፣ ቀጥሎ ወደ እርሷ ቀኝ እጅ። ደግሞ እንደገና፤ ኪሙ፣ የኔ ጣት፣ ያንቺ እጅ። ያን ጊዜ ነው የገባት። ኪም በቀኝ እጅ ይመታል፤ ሳንግን የሚያሳምመው ግን ግራው ነው። በሽታው የወሰደው የሚመታውን እጅ ነው። የሚያሳምመው አልተነካም። ሁለት ወር ሙሉ ምንጣፉ ላይ ሲጫወት፣ እርሷ በብርድ ልብስ ስትሸፍነው ኖራለች።

«ምያለሁኮ አባዬ» አለች። «ያስማልከኝ አንተ ነህ። ሦስቴ ጠየቅኩት፣ ሦስቴም እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ታም ሳህኑን አመለከተ። እማማ ቦንግ፣ ይህ ነገር ከሦስት በላይ አይጠየቅም፣ ተው እንጂ ብላ ለመነችው። ዓይኑን አፈጠጠባት። ያን ዓይን የሚያውቅ ሰው አይከራከርም፤ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ሁለቱን ሳንቲሞች በግራ እጁ ጨበጠ፣ ከንፈሩ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፣ ጣላቸው።

ሁለቱም ጥቁር።

ጋሽ ታም ሳንቲሞቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ከሙያው አባት ጋር ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ዓመት እንኳ ዕጣኑን ያላስታጎለ፣ በእርሱ ስም ልጁን ያስማለ። ከዚያ የግራ እጁን ሌባ ጣት፣ ጅማት ሲጫን ኖሮ ጫፏ እንደ ቀንድ የደደረችውን ጣት ዘረጋና አንዷን ሳንቲም ገለበጣት።

አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር።

ሁላችንም አይተናል። የተረፈችው እጅ ያቺ ብቻ ነበረች፤ ቅጣት ቢመጣ የሚመጣውም በርሷ ላይ ነበር። ቀና ብሎ መሠዊያውን አየ፣ ዓይኑን አልሰበረም። ኩየን ሄዳ ኪሙን ከግድግዳው አወረደችው።

የኪሙን ሆድ ጭኗ ላይ፣ አንገቱን የአባቷ ግራ እጅ ላይ አደረጉት። ትከሻቸው ተነካካ። በቀኝ እጇ ሆን መታች፣ ሱን መታች፤ አጥንቱን ጣቷ አልረሳውም። ሳንግ ላይ መታችና ጠበቀች። አባቷ ጫን አለው።

ራዎው እስከ መጨረሻው ተመታ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አንድ ሳህን አጥሚት ጠጣ። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እርሷ እየመታች እርሱ እየተጫነ ደጋገሙት፤ ኩየን ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ አላነሣችም። ይህ የሆነው አምስት ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን ግራ እጁም ቀጥ አለ፣ በዘጠነኛው ሞተ። ሐኪሙ ሁለተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ነው አለ። ሰፈሩ ግን የሙያው አባት መታው አለ። ኩየን ከማንም ጋር አልተከራከረችም፤ ሳንቲሙ ለማን ሲባል እንደተገለበጠ ታውቃለች። ያን ማወቅ አያጽናናትም፣ ያንገበግባታል።

በቀብሩ ዕለት፣ ሬሳው ወደ ጀልባው ከመውረዱ በፊት፣ ኪሙን አንሥታ ብቻዋን ተቀመጠች። በቀኟ መታች። የሽቦው ቁስል ገና ያልጠገገበትን ግራ እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ሆ፣ ሱ፤ ከዚያ በራሷ ጣት ጫን አለችው። ድምፁ ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሊደርስ ሲል አቃተውና ተመለሰ።

እማማ ቦንግ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ሲያበቃ የኩየንን ግራ እጅ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ሳንግሽ ታሟል» አለቻት።